«ንፋስ ጣላት» ብላችሁ አታቁሙ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ በረራ አስተምራለሁ፤ ጋዜጣችሁንም አዘውትሬ አነባለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር በጣም ስለሚያንገበግበኝ ነው። ረዘም ያለ ነው፣ ቢቻል ሳትቆርጡ አውጡልኝ።

ትንሽ አውሮፕላን ልትነሳ ስትል ወድቃ ሰው ሲጎዳ ዜናው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። «በከባድ ንፋስ ምክንያት ተከሰከሰች።» በቃ። ከወራት በኋላ የምርመራው ውጤት ሲወጣ ደግሞ ሌላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ አብራሪው በጎን ንፋስ ውስጥ አውሮፕላኗን መስመሯን አስይዞ መቆጣጠር አልቻለም ይላል። መጀመሪያ ጥፋቱ የንፋስ ነበር፣ ኋላ የአብራሪው እጅና እግር ሆነ። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር ዘለውታል። ሞተሩ ሙሉ ኃይል ከማግኘቱ በፊት፣ አውሮፕላኗ ገና መሬት ላይ ቆማ ሳለ፣ አንድ ሰው «እንሂድ» ብሎ ወስኗል። ስለዚያ ውሳኔ ማንም አይጽፍም።

አየር ላይ ያለ አብራሪ የግድ ማረፍ አለበት። ነዳጁ እያለቀ ነው፣ ንፋሱም ሳያስበው በርትቶበት ሊሆን ይችላል፤ ወደደም ጠላም የሆነ ቦታ መውረዱ አይቀርም። መነሳት ግን ግዴታ አይደለም። መሬት ላይ ያለ ሰው መሬት ላይ መቆየት ይችላል። ሻይ ጠጥቶ፣ ሁለት ሰዓት ጠብቆ፣ ካልሆነም ነገ ተመልሶ መምጣት ይችላል። ስለዚህ በከባድ የጎን ንፋስ ሲነሱ የሚደርስ አደጋ ማለት፣ ጥቂት ብንታገሥ ኖሮ ከነጭራሹ የማይኖር አደጋ ማለት ነው። እኔ ይሄንን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

አንባቢ ሁሉ አብራሪ አይደለምና የጎን ንፋስ ምን እንደሆነ ላስረዳ። አውሮፕላን የምትነሳው ንፋስን ፊት ለፊት እየተቀበለች ቢሆን ነው የሚሻለው። የፊት ንፋስ በክንፏ ላይ የሚያልፈውን አየር ይጨምርላታል፣ ቶሎ ትነሳለች፣ ማኮብኮቢያም ይተርፋታል። ችግሩ ማኮብኮቢያ አንዴ ከተሠራ አይዞርም፤ ንፋስ ግን እንዳሻው ይዞራል። ስለዚህ ብዙ ቀን ንፋሱ በሰያፍ ይመጣል። ያን ጊዜ ለሁለት ከፍለን እናስበዋለን፤ ከፊት የሚመጣው ድርሻ ያግዛል፣ ከጎን የሚገፋው ድርሻ ደግሞ መስመር ያስታል።

ድርሻውን በግምት ለማወቅ የእጅ ሰዓት ይበቃል። ንፋሱ ከማኮብኮቢያው አቅጣጫ 15 ዲግሪ ከወጣ፣ 15 ደቂቃ የሰዓት ሩብ ነውና የንፋሱን ሩብ ከጎን ነው ብላችሁ ያዙ። 30 ዲግሪ ከሆነ ግማሹን። 45 ዲግሪ ከሆነ ሦስት አራተኛውን። ከ60 ዲግሪ ጀምሮ ሙሉውን። ትክክለኛው ቁጥር በአውሮፕላኗ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ በሰንጠረዥ ተቀምጧል፣ ግን ይህ የሰዓት ስሌት ለጥንቃቄ በቂ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ማኮብኮቢያው 18 ይባላል እንበል፤ ወደ 180 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ደቡብ የሚሄድ ነው። ንፋሱ ከ120 ዲግሪ በ20 ኖት ይነፍሳል፣ ድንገት ሲበረታ ደግሞ 30 ይደርሳል። ይህን ድንገት በርትቶ የሚያልፈውን ንፋስ ጋስት እንለዋለን። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአቅጣጫው ልዩነት 60 ዲግሪ ስለሆነ የጎኑ ድርሻ በሰንጠረዡ 17 ኖት ይመጣል፤ ጋስቱ ሲመጣ ደግሞ 26። አሁን ይህን ከአውሮፕላኗ ቁጥር ጋር አስተያዩት። በዓለም ላይ ከየትኛውም አውሮፕላን በላይ በብዛት የተመረተችው ሴስና 172 በመመሪያ መጽሐፏ ላይ የተጻፈላት የጎን ንፋስ 15 ኖት ነው። የታናሽ እህቷ የሴስና 152 ደግሞ 12 ኖት። ስሌቱን ለመሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መልሱም ግልጽ ነው፤ ዛሬ በዚህ ማኮብኮቢያ አይሆንም።

ታዲያ ሰው ለምን ይሄዳል? አንዱ ምክንያት ያው 15 ኖት የተባለው ቁጥር ራሱ ነው። መጽሐፉ የሚለው «በሙከራ የታየ» የጎን ንፋስ ነው እንጂ «ከዚህ በላይ ክልክል ነው» አይልም። ፋብሪካው አውሮፕላኗን ሲያስፈትን ያን ያህል የጎን ንፋስ ውስጥ በሰላም ተነስታ እንዳረፈች ማሳየቱ ነው። የቆየው የአሜሪካ ደንብ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን አውሮፕላኗ ፍላፕ (በዝግታ ስትበር ከክንፏ ኋላ የሚወርደውን ሰሌዳ) አውርዳ በአየር ላይ መቆየት ከሚያቅታት ፍጥነት 20 በመቶውን ያህል የጎን ንፋስ መቋቋሟን ነው። ስለዚህ ብዙ አብራሪ «ክልክል አይደለማ!» ይልና ቁጥሩን እንደ ምክር ያየዋል። እኔ ደግሞ ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። ያን ቁጥር ያሳየው ሙያው ይኸው የሆነ የሙከራ አብራሪ ነው፣ አውሮፕላኗም አዲስ ናት፣ ጎማዋም ፍሬኗም ደህና ነው። በወር አንዴ የሚበር ሰው በቆየች አውሮፕላን ያንኑ ቁጥር የራሱ አድርጎ ሲወስደው ያሳስበኛል። የእሱ ቁጥር ከዚያ በታች ነው። በብዙ መሆን አለበት።

አሁን በማኮብኮቢያው ላይ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ስለሆነ።

ሴስና 172 ሙሉ ጭነቷን ይዛ እንኳ ከ1,200 ኪሎ አትበልጥም። መሬት የምትለቀው በ55 ኖት አካባቢ ነው፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። 30 ኖት ጋስት የዚህን ፍጥነት ከግማሽ በላይ ነው። እንግዲህ በዚህ ክብደትና በዚህ ፍጥነት ነው ከንፋሱ ጋር የምትታገለው። ተንደርድራ እስክትነሳ ያለው ጊዜ ደግሞ በዝቅተኛ ቦታ ላይ ሃያ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ንፋሱ ከግራ ነው ብለን እንቀጥል። አብራሪው ሞተሩን ሙሉ ኃይል ይሰጣል። የጭራው ቀጥ ያለ ክንፍ ሰፊ ነው፤ ንፋስ በበረታበት ቀን የመኪና በር ስትከፍቱ ከእጃችሁ እንደሚነጠቀው፣ ንፋሱ ይህን ጭራ ይዞ ወደ ቀኝ ይገፋዋል፣ አፍንጫዋም ወደ ግራ፣ ወደ ንፋሱ ትዞራለች። የግራ ንፋስ የሚከፋበት ሌላም ምክንያት አለ። በአብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተሩ ሙሉ ኃይል ሲያወጣ የፕሮፔለሩ አዟዟር ራሱ አፍንጫዋን ወደ ግራ ይስባል። ስለዚህ ሁለቱ ተደምረው ይጎትቷታል። መድኃኒቱ የቀኝ ፔዳል ነው፤ የጭራውን መሪ፣ ራደሩን፣ የሚያዞረው። ግን በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አውሮፕላኗ ቀርፋፋ ስለሆነች በራደሩ ላይ የሚያልፈው አየር ትንሽ ነው፣ ራደሩም ጉልበት የለውም። የክንፎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎች፣ ኤይለሮኖቹም፣ እንደዚያው። ከመነሳት ማረፍ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሲያርፉ አብራሪው ሙሉ መቆጣጠሪያ ይዞ መጥቶ እየቀነሰበት ይሄዳል። ሲነሱ ደግሞ ከምንም ተነስቶ እየጨመረለት ይሄዳል፤ እስኪጨምርለት ድረስ ያሉት ሰከንዶች ባዶ እጁን ናቸው ማለት ይቻላል።

አውሮፕላኗ 40 ኖት አካባቢ ስትደርስ ጋስቱ ይመጣል እንበል። አፍንጫዋ ወደ ግራ ታመራለች። እዚህ ላይ የሰው ደመ ነፍስ ጠላት ይሆናል። መኪና የነዳ ሰው መሪውን ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል። የአውሮፕላን መሪ ግን መሬት ላይ አቅጣጫ አይቀይርም፤ የሚያንቀሳቅሰው ኤይለሮኖቹን ነው። ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ የግራው ኤይለሮን ወደ ታች ይወርድና የግራውን ክንፍ ያነሳዋል። ንፋሱ የሚመጣው ደግሞ በዚያው በግራ በኩል ነው፣ ከተነሳው ክንፍ ስር ይገባል። አሁን አውሮፕላኗ በቀኝ ጎማዋ ላይ ተንጠልጥላ አፍንጫዋ ወደ ግራ ዞሯል። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው፤ መሪው ከመነሻው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ወደ ንፋሱ፣ የቀኝ ፔዳል ደግሞ በሚያስፈልገው ልክ። ለተማሪ ይህን በቃል ማስረዳት ቀላል ነው። እጅና እግሩ ሳያስብ እንዲያደርገው ግን ንፋስ ውስጥ ደጋግሞ ማለማመድ ይጠይቃል።

ጊዜውን ደግሞ አስሉት። በ50 ኖት የምትሮጥ አውሮፕላን በሰከንድ 26 ሜትር ያህል ትጓዛለች። አፍንጫዋ 10 ዲግሪ ብቻ ቢዞር በየሰከንዱ አራት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን ትሄዳለች። ስፋቱ 30 ሜትር በሆነ ማኮብኮቢያ ከመሃል እስከ ጠርዝ 15 ሜትር ነው። ሦስት ሰከንድ ተኩል አይሞላም። ብዙ ትንንሽ ማኮብኮቢያዎች ደግሞ ከዚያ የጠበቡ ናቸው፤ 18 ሜትር ስፋት ላይ ሁለት ሰከንድ ነው የቀረው። በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ አብራሪው ጠርዙን ያያል፣ ሣሩን ያያል፣ የማኮብኮቢያ መብራቱን ያያል፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ነገር ያደርጋል። መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። «ብቻ ትነሳልኝ» ነው።

ትነሳለችም። ክፋቱ እሱ ነው። አውሮፕላን መሬት አጠገብ ስትሆን፣ ከፍታዋ ከክንፏ ርዝመት በታች ሳለ፣ ክንፉን ወደ ኋላ የሚጎትተው የአየር መጎተት ይቀንስላታል። ግራውንድ ኢፌክት እንለዋለን። የ172 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ነው። ስለዚህ ጥቂት ሜትር ከፍታ ላይ፣ ለመብረር በማይበቃ ፍጥነት፣ እየተንገዳገደች ትንሳፈፋለች። ወደ ላይ ልትቀጥል ስትል ያ እርዳታ ይጠፋል። በጋስቱ ያገኘችው ፍጥነትም ጋስቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው፣ ፍጥነቷ የለም፣ አንደኛው ክንፍ ማንሳት ያቆማል፤ ስቶል የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ ከፍታ ማስተካከያ ጊዜ የለም። ነዳጇ ደግሞ ሙሉ ነው፣ ሞተሩም በሙሉ ኃይል እየሠራ ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ ሲያርፉ የሚደርሰው አደጋ በቁጥር ይበዛል፣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታጠፈው ብረት ነው። ሲነሱ የሚደርሰው በቁጥር ያንሳል፣ ከዚያ ውስጥ ሰው የሚሞትበት ድርሻ ግን ከፍ ይላል። ምክንያቱን ከላይ አይታችሁታል።

አብራሪው በዚያች ሰከንድ ማድረግ የነበረበት የሞተሩን ኃይል ሙሉ በሙሉ መቀነስ ነው። ሣር ውስጥ ትገባለች፣ ምናልባት ፕሮፔለሩ መሬት ይመታል፣ ጎማ ይሰበራል፣ የኢንሹራንስ ወረቀት ይሞላል። ሰው ግን ከወንበሩ ተነስቶ በእግሩ ይወርዳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሆኖም እጅ ወደ ፊት የገፋውን ጋዝ ወደ ኋላ መመለስ አይወድም፤ ልብ ቀድሞ ሄዷልና። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን ገና ሳንንቀሳቀስ ጮክ ብለው እንዲናገሩ የማደርጋቸው፤ መስመሩን ከለቀቀች ኃይሉን እቀንሳለሁ፣ ማኮብኮቢያው ሲጋመስ ከመነሻ ፍጥነቷ 70 በመቶ ካልደረሰች ኃይሉን እቀንሳለሁ። ቀድሞ የተነገረ ውሳኔ በጭንቅ ሰዓት ይገኛል። ያልተነገረ አይገኝም።

በኋላ የጭራ ጎማ ስላላቸው አውሮፕላኖች አንድ ቃል ብቻ። የእነሱ ክብደት ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሆነ፣ መዞር ከጀመሩ ጭራቸው ፊታቸውን ለመቅደም ይሞክራል፣ መሬት ላይም ክብ ሠርተው ይሽከረከራሉ። ከላይ ያልኩት ነገር ሁሉ ለእነሱ እጥፍ ነው።

ወደ ንፋሱ ልመለስ፤ ስለ አለካኩ የሚወራው በጣም ትንሽ ነው። ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ የሚነገረው የንፋስ መጠን የሁለት ደቂቃ አማካይ ነው። የሚለካውም አብዛኛውን ጊዜ በ10 ሜትር ከፍታ፣ በአንድ ቦታ ላይ ነው። እናንተ የምትነሱበት የማኮብኮቢያ ጫፍ ከዚያ ሊርቅ ይችላል። በመካከል ሃንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን መጠለያ ካለ፣ የዛፍ ረድፍ ካለ፣ ንፋሱ እነሱን ሲያልፍ ይሽከረከራል። አውሮፕላኗ ከሃንጋሩ ጀርባ ተጠልላ መሮጥ ትጀምራለች፣ ሁሉም ነገር ሰላም ነው፣ አብራሪው መሪውን ያላላል፤ ከዚያ ሃንጋሩ ያልቅና ሙሉው ንፋስ በአንድ ጊዜ ይደርስባታል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ሃንጋሩ በሚያልቅበት ቦታ ላይ አውሮፕላኖች ድንገት ሲነቀነቁ ከውጭ ቆሞ ለሚያይ እንኳ ይታያል።

ማማ በሌለበት ሜዳ ደግሞ ያለው መለኪያ ዊንድሶክ ብቻ ነው፤ ምሰሶ ላይ ያለው ባለ ቀለም የጨርቅ ከረጢት። ጥሩ ነገር ነው፣ እወደዋለሁ። ግን በተለመደው አሠራር 15 ኖት ላይ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ንፋሱ 18 ይሁን 30 ይሁን ከረጢቱ ያው ተወጥሮ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከረጢቱ ቀጥ ብሎ በጎን ተወጥሮ ካያችሁት ቢያንስ 15 ኖት ነው፤ ማለትም የ172 ቁጥር እዚያው አልቋል። ወዲያና ወዲህ የሚወራጭ ከሆነ ደግሞ ጋስት አለ፣ አቅጣጫውም አልረጋም። አማካዩን ትቶ በጋስቱ ማስላት ነው እንጂ «አማካዩማ 14 ነው» ብሎ መጽናናት አያዋጣም። አውሮፕላኗን የሚጥላት አማካይ አይደለም።

ይህ የትንንሾቹ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በታኅሣሥ 20 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. በዴንቨር ኮንቲኔንታል በረራ 1404፣ ቦይንግ 737-500፣ 110 ተሳፋሪዎችና 5 የበረራ ሠራተኞች ይዞ ሊነሳ ሲንደረደር ከማኮብኮቢያው በግራ በኩል ወጥቶ በእሳት ተያያዘ። ሁሉም ተርፈዋል፣ የተጎዱ ግን ብዙ ነበሩ። ለአብራሪዎቹ የተነገራቸው ንፋስ 27 ኖት ነበር፤ የመታቸው የጎን ጋስት ግን እስከ 45 ኖት ይደርስ እንደነበር የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አረጋግጧል። ቦርዱ ካፒቴኑ ራደሩን መጫን ማቆሙን ጽፏል፤ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። የነበረው የንፋስ መረጃ ለአብራሪዎቹ የሚደርስበት አሠራር እንዳልነበረ፣ የአየር መንገዶች የሲሙሌተር ሥልጠናም እውነተኛ ጋስት እንደማያስመስል ጭምር ጽፏል። የምጠይቃችሁ ዓይነት አጻጻፍ ይህን ይመስላል። የሰውየውን እግር ብቻ ሳይሆን እግሩ እዚያ እንዴት እንደደረሰ።

አሁን ስለ ግፊት ልናገር። በከባድ የጎን ንፋስ የሚነሳ አብራሪ ብዙ ጊዜ ብቻውን አልወሰነም። ተሳፋሪ አለ፤ ዘመዱ ሊሆን ይችላል፣ ቀጠሮ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሰዓቱን እያየ «ምን ሆነ? ፀሐይ ነው እኮ!» የሚል። እውነቱን ነው፣ ፀሐይ ነው። የጎን ንፋስ አይታይም። ዝናብና ጉም ሲኖር ማንም አይከራከርም፣ ጥርት ያለ ሰማይ ላይ «አይሆንም» ማለት ግን አብራሪውን ፈሪ ያስመስለዋል። አውሮፕላኗን ያከራየውም ገንዘቡን ይፈልጋል። ከፊት ሌላ አውሮፕላን በሰላም ተነስቶ ከሆነማ ነገሩ አለቀ፤ «እሱ ሄዶ የለ?» ይባላል። እሱ የሄደው ምናልባት በሁለት ጋስቶች መካከል ነው። አውሮፕላኑም ከእናንተ ይከብድ ይሆናል፣ አብራሪውም ያን ሳምንት ሙሉ ንፋስ ውስጥ ሲሠራ የከረመ ይሆናል።

ሥልጠናውም ላይ የምናገረው አለኝ፣ ራሴም ያለሁበት ሙያ ነው። ንፋስ ሲበረታ ትምህርቱን እንሰርዛለን። ለጀማሪ ተማሪ ትክክል ነው። ግን ሁልጊዜ ከሰረዝን ተማሪው ፈቃዱን የሚያገኘው ረጋ ባለ አየር ብቻ በርሮ ነው። ከዚያ ብቻውን ሲሆን፣ አጠገቡ የሚያድነው ሰው ሳይኖር፣ ንፋስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘዋል። አስተማሪዎች ከተማሪ ጋር ሆነን 8፣ 10፣ 12 ኖት የጎን ንፋስ ያለበትን ቀን ፈልገን መውጣት አለብን። ፈቃድ ካገኙ በኋላም ለወራት ያልበረሩ ሰዎች ከአስተማሪ ጋር መጥተው እግራቸውን ቢያፍታቱ ምንም ውርደት የለበትም። የማረፍ ልምምድ ብቻ ሳይሆን የመነሳትም። ሁሉም ማረፍን ነው የሚለማመደው፤ መነሳት ቀላል ነው ተብሎ ተትቷል።

መጠበቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ንፋስ በቀን ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ይበረታል፣ ወደ ማታና በማለዳ ይረጋጋል። ሜዳው ሌላ አቅጣጫ ያለው ማኮብኮቢያ ካለው ያንን መጠየቅ ይቻላል፣ ርዝመቱ ቢያንስም፣ እስኪደርሱበት ረጅም መንገድ ቢሆንም። ማማው የሰጠኝን ነው የምወስደው የሚል አብራሪ አለ። መጠየቅ መብቱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ተሳፋሪ ቀንሶ ቢሄድ ይሻላል ይላል፤ ክብደት ስትቀንስ ግን ንፋሱ ይበልጥ ይጫወትባታል፣ ስለዚህ ለጎን ንፋስ ያ መፍትሔ አይደለም።

ተሳፋሪ ሆናችሁ ትንሽ አውሮፕላን ላይ የምትወጡ ሰዎች ካላችሁ፣ አብራሪው «ዛሬ አንሄድም» ካለ አትከራከሩት። አመስግኑት። ከተቻላችሁ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «የጎን ንፋሱ ስንት ነው፣ ያንተስ ገደብ ስንት ነው?» በሉት። ጥሩ አብራሪ በዚህ አይቀየምም፣ ሁለቱንም ቁጥር ወዲያው ይነግራችኋል። ካመነታ ወይም ሳቅ ብሎ ካለፈው፣ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውረዱ።

ለእናንተ ለጋዜጠኞች ያለኝ ጥያቄም ከዚህ አይርቅም። የሚቀጥለው ዜና ሲመጣ፣ እንዳይመጣ እመኛለሁ ግን ይመጣል፣ «ከባድ ንፋስ» ብላችሁ አትለፉት። ንፋሱ ከየት አቅጣጫ፣ በስንት ኖት፣ ጋስቱ ስንት እንደነበር ጠይቁ፤ የአየር ሁኔታ መዝገቡ ይገኛል። ማኮብኮቢያው የትኛው ነበር? ሌላ ነበረው ወይ? የአውሮፕላኗ ሞዴል ምንድነው፣ መጽሐፏስ ስንት ኖት ይላል? አብራሪው በንፋስ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተለማመደው? ማን ነበር የሚጠብቀው? የሞተውን ሰው ለመክሰስ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ነው፣ ይህንን በጨዋነት መጠየቅ ይቻላል። ግን አንባቢያችሁ ውስጥ በሚቀጥለው ሳምንት ማኮብኮቢያ ጫፍ ላይ ሞተር አስነስቶ ዊንድሶኩን የሚያይ ሰው አለ። ቁጥሩን በጋዜጣ ላይ ካየው የራሱን ቁጥር ያስባል። «ንፋስ ጣላት» የሚለውን ብቻ ካነበበ ግን ዕድለ ቢስ ሰው ነበር ብሎ ገጹን ይገለብጣል።

የጎን ንፋስ ሰንጠረዡን እንዴት እንደሚነበብ ለሪፖርተሮቻችሁ ለማሳየት ፈቃደኛ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የበረራ አስተማሪ